ጀግናውን ለጊዜው ተዪው

እስቲ ጠጋ በዪ፣ የጀመርሽውን ልብ ወለድ ልየው። ገጹ ሳይጋመስ ስንት ሰው ተዋጋ፤ የራበው ግን የለም፣ የፈራም የለም። የኔ እህት፣ ገበዝ ማርያም ተቀምጠሽ ስለ ጦርነት መጻፍሽ ተገቢ ነው። ግን ሁለታችንም ቀረርቶና ፉከራ እየሰማን ነው ያደግነው። ቀረርቶ ሰው ያዘምታል፤ የተመለሰውን ሌሊት ምን እንደሚያባንነው ግን አይነግርሽም። ያንን መንገር ያንቺ ሥራ ነው።

የበዓሉ ግርማን ‹ኦሮማይ› እንደገና አንብቢው። በ1975 ሲያሳትመው በዓሉ ራሱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር፤ የኤርትራውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ አይቶታል። ተራኪው ጸጋዬም የዘመቻው የቅስቀሳ ኃላፊ ነው፤ ድል ሊያበስር አስመራ ሄደ። በዓሉ ያንኑ ሰው ናቅፋ አድርሶ የወጣቱን እልቂት አሳየው። ጸጋዬ ያፈቀራት ፊያሜታም የማንም ወገን መፈክር አይደለችም፤ ሙሉ ሰው ናት። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ጸሐፊው ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ከዚያ የመዓዛ መንግሥቴን ‹ዘ ሻዶው ኪንግ› ያዢ፤ እንግሊዝኛው ቢከብድሽ አብረን እናነበዋለን። ሂሩት የቤት አገልጋይ ናት። የአባቷን ውጅግራ ጠመንጃ ጌታዋ ኪዳኔ ነጠቃት። ጣልያንን የሚዋጋውም፣ እሷን የሚደፍራትም ይኸው ኪዳኔ ነው። አርበኝነቱ እውነት ነው፤ ግፉም እውነት ነው። ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ማኖር ድፍረት ይጠይቃል። አንቺ ደግሞ የኛን ሰው ሁሉ ንጹሕ አድርገሽ፣ ያኛውን ወገን ፊት የሌለው አድርገሽዋል። እሱም እኮ በሶ የቋጠረችለት እናት አለችው!

ጣልያን በ1933 ከቡሬ የለቀቀበት ወሬ በተነሳ ቁጥር እኔ የምሰማው ስለ ተኳሹ ነው። ማን ፈጨ፣ ማን ቁስል አጠበ፣ እርሻውን ማን አረሰ? እማን ጠይቂያት፤ ከአያታችን የሰማችው አላት። ስትነግርሽ አታቋርጫት፣ ካለቀሰችም ደብተሩን እጠፊው።

የጎረቤታችንን ልጅ ስም ግን ከረቂቅሽ አሁኑኑ ሰርዢ። መንደሩንም፣ የሞተበትንም ቀን ለውጪ። እናቱ ገና ማቅ አላወለቀችም፤ ሐዘኗን ካንቺ መጽሐፍ ላይ ማንበብ የለባትም። ደግሞ ዛሬ ማን ምን አንብቦ ማን ቤት እንደሚመጣ አይታወቅም። ስለዚህ ረቂቁን ለማንም በስልክ አትላኪ። አንደኛውን ምዕራፍ ከመኸር በኋላ ስመጣ ራስሽ ጮክ ብለሽ ታነቢልኛለሽ።