የአሉሚኒየም ድርብ ሰሌዳና የውስጡ ነገር

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር አንድ ሌሊት፥ የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ እንደ ስሟ ሆና አደረች። ጧት ስንነሣ የአጎቴ ምግብ ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ከግድግዳው ተነቅሎ፥ በገበያ ቀን ሴቶች ሽንኩርትና ድንች ዘርግተው በሚቀመጡበት ቦታ ወድቆ አገኘነው። ሌሊት መሆኑ በጀን። ስብርባሪውን ሳነሣ ግን አንድ ነገር አስገረመኝ። ሁላችን ብረት ነው የምንለው ሰሌዳ ውስጡ ጥቁር ፕላስቲክ ኖሯል! ይህችን ጽሑፍ ለትምህርት ቤታችን መጽሔት እንዳቀርብ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

ሰሌዳው በሠራተኞች ዘንድ «አሉኮቦንድ» ይባላል። ይህ በመሠረቱ የንግድ ስም ነው፤ አሉስዊስ የተባለው የስዊስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ ካወጣው ወዲህ ግን ለዓይነቱ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር የባንኩንና የሆቴሉን ፊት ያለብሱበታል። በእኛም አገር ከነፋስ መውጫ እስከ ስማዳ ወገዳና እስከ እስቴ መካነ ኢየሱስ ድረስ የመድኃኒት ቤቱም የሱቁም ስም የሚጻፈው በእርሱ ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች በመካከላቸው ፕላስቲክ ገብቶ ይጣበቃሉ። ለሕንፃ በሚሆነው ዓይነት እያንዳንዱ ቅጠል ግማሽ ሚሊ ሜትር፥ ጠቅላላው ውፍረት ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህን ያህል ስስ ሆኖ ስለ ምን አይጎብጥም? የደብተራችሁን ቅጠሎች ይዛችሁ ብታጎብጧቸው አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ በቀላሉ ይጎብጣሉ፤ በሙጫ ቢጣበቁ ግን እንደ ጣውላ ይጠነክራሉ። የሰሌዳውም ምሥጢር ይኸው ነው። ክብደቱ በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ከጀርባው ቦይ ከተቆፈረለትም የፊተኛው ቅጠል ሳይቆረጥ በእጅ ይታጠፋል።

የአጎቴ ሰሌዳ የወደቀው በራሱ ጥፋት አልነበረም። የሰቀለው ሰው ከኋላው የብረት ማዕቀፍ ሳያደርግለት አራቱን ጥግ ብቻ በብሎን አጥብቆ ሄዶ ነበር። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ደግሞም አሉሚኒየም በሙቀት ይለጠጣል። በደጋችን ሌሊቱ ቁር፥ ቀኑ የሚያቃጥል ፀሐይ ነውና፥ 2.44 ሜትር የሚረዝም ሰሌዳ በ50 ዲግሪ ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ለዚህ የሚሆን ክፍተት ካልተተወለት ያብጣል፤ ብሎኑንም ያላላል። (በመከላከያ ላስቲኩ ላይ የታተሙት ቀስቶችም ለጌጥ አይደሉም። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ካልዞሩ የሰሌዳዎቹ ቀለም በፀሐይ የተለያየ ይመስላል። ላስቲኩን ጭራሽ ሳይልጡ የሚተዉም አይቻለሁ።)

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን እሳት ነው። ከኬሚስትሪ መምህራችን ጋር ሆነን ከስብርባሪው ጥቂት በሜዳ ላይ አቃጠልን። ፕላስቲኩ ቀለጠ፥ እየነደደም ተንጠባጠበ፤ የሻማ ሽታ ሸተተን። መምህራችን እንዳስረዱን ፖሊኤቲሊን የሚባለው ይህ ፕላስቲክ እንደ ሻማው ሰም ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠራ ነው። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ግሬንፌል በተባለው ባለ 24 ፎቅ ሕንፃ ከአንድ ወጥ ቤት የተነሣው እሳት፥ ግድግዳውን በለበሰው በዚህ ዓይነት ሰሌዳ ላይ ተዛምቶ ሕንፃውን አዳረሰው፤ 72 ሰዎችም ሞቱ። ውስጡ በማዕድን ዱቄት የተሞላ፥ በቀላሉ የማይነድ ዓይነትም አለ፤ እርሱ በካሬ ሜትር 7 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ፊቱን በማየት ብቻ ግን ሁለቱን መለየት አይቻልም።

አጎቴ የምግብ ቤታቸውን ፊት በሙሉ በዚሁ ሊያለብሱ አስበው ነበር። የተቃጠለውን ቁራጭ ወስጄ አሳየኋቸው።

«ጋሼ፥ ምድጃው እኮ ከግድግዳው ሥር ነው» አልኋቸው።

አገላብጠው አዩት፥ አሸተቱትም። በማግሥቱ ነጋዴውን «ውስጡ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁት የሚመልሰው አጣ። ግድግዳው እንደ ነበረ በድንጋዩ ቀረ። ማስታወቂያው ብቻ በአዲስ ሰሌዳ ተሠርቶ፥ የብረት ማዕቀፍ ተደርጎለት፥ ከምድጃው ርቆ በመግቢያው በር ራስ ላይ ተሰቅሏል።