ስለ ተራራ የእሳት ማማ፤ ለሐኪም ጋራ የሚጠቅም ትምህርት

ገበሬ ማሽላው እሸት በያዘ ጊዜ በእርሻው መካከል ማማ ሠርቶ ወፍና ዝንጀሮ ይጠብቃል። ማማው ለአንድ እርሻ እንደሚያገለግል ሁሉ ተራራም ለአንድ አገር ማማ ሊሆን ይችላል። ለሐረር ከተማ እንዲህ ያለው ተራራ በስተ ደቡብ ያለው ሐኪም ጋራ ነው። ከላዩ ሆኖ ለሚመለከት ሰው፣ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ያሳጠሩት ጁገል ከነግንቡ ከታች ተዘርግቶ ይታየዋል። የቀድሞ ሰዎች ከተማይቱን በበሮቿ ላይ ዘበኛ አቁመው ይጠብቋት ነበር፤ እሳት ግን በበር አይገባምና ጠባቂው ከፍ ካለ ስፍራ ሊቆም ይገባዋል።

እሳት ገና ጭስ ሳለ የታየ እንደ ሆነ ዐሥር ሰዎች እርጥብ ቅጠልና አካፋ ይዘው ያጠፉታል፤ ካደገ በኋላ ግን ሺሕ ሰው አይችለውም። በ1992 ዓ.ም. በድርቁ ወራት በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው እሳት ለዚህ ምስክር ነው። ለግጦሽና ለእርሻ የተለኮሰው፣ ማር ለመቍረጥም የተያዘው እሳት ወደ ደኑ አልፎ ከ100,000 ሔክታር በላይ ጎዳ። ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው ዘመቱ፤ ከውጭ አገርም ባለሙያዎች መጡ፤ ፈጽሞ የጠፋው ግን ዝናብ በጣለ ጊዜ ነው።

አሜሪካውያንም ይህን የተማሩት በብርቱ ጉዳት ነው። በነሐሴ 1902 ዓ.ም. በአገራቸው ሰሜናዊ ምዕራብ በሁለት ቀን 1,200,000 ሔክታር የሚያህል ደን ተቃጠለ፤ ከ80 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። ከዚያ በኋላ በየተራራው ራስ የእሳት መመልከቻ ቤት እያበዙ ሠሩ። ኦዝቦርን የተባለ የደን ሠራተኛም ክብ ካርታ ከማነጣጠሪያ ጋር የተያያዘበት መሣሪያ አወጣ። ጠባቂው ጭሱን በማነጣጠሪያው አይቶ አቅጣጫውን በቍጥር ይናገራል፤ በሌላ ተራራ ያለው ጠባቂም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሁለቱ መስመሮች በካርታው ላይ በሚገናኙበት ስፍራ እሳቱ ይገኛል።

ኋላ አውሮፕላንና ሳተላይት ስለ መጡ ከቤቶቹ ብዙዎቹ ተተው ፈረሱ። ይሁን እንጂ ከልባቸው የወደዱ ሰዎች በፈረንጆች አቈጣጠር በ1990 ማኅበር አቁመው፣ እንጨቱንና መስተዋቱን ወደ ተራራው እያወጡ፣ ያለ ደመወዝ ያድሷቸው ጀመር። አንዳንዶቹም በደረቁ ወራት በዚያው ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ይህ ለእኛ ምን ያስተምራል ቢሉ፣ ግንብ በትእዛዝ ይሠራል፤ ዓይን ግን በትእዛዝ አይነቃም ብለን እንመልሳለን። በደርግ ዘመን በዘመቻና በእህል ክፍያ በየኮረብታው እጅግ ብዙ ዛፍ ተተክሎ ነበር። ሕዝቡ ግን «የመንግሥት ነው» እንጂ «የእኔ ነው» ስላላለ፣ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በብዙ ስፍራ ተቈረጠ። ስለዚህ ለማማው ሥራ ሰው በግድ ከመሰብሰብ ሕዝቡ አስቀድሞ ባቆመው ኅብረት መጠቀም ይሻላል። በሐረር ከተማ ለሠርግና ለሐዘን የሚተባበሩበት አፎቻ አለ፤ በዙሪያው ያለው የኦሮሞ ገበሬም ሥራውን በጉዛ ይረዳዳል።

እንግዲህ ገዥዎች፣ ባለመሬቶችና የወረዳ ሹማምንት የሚከተለውን ቢያደርጉ መልካም ነው።

1ኛ፤ ሽማግሌዎችን ሰብስበው የጥንቱ መመልከቻ ስፍራ የት እንደ ነበረ ይጠይቁ። አሮጌ ስፍራ የተገኘ እንደ ሆነ አዲስ ከመሥራት እርሱን ማደስ ይቀድማል፤ የመረጡት አባቶች ነፋሱንና እይታውን ያውቁ ነበርና። በዝያራ ስፍራ አጠገብ ከሆነ ግን ያለ አስተዳዳሪዎቹ ፈቃድ አንድ ድንጋይ እንኳ አይነሣ።

2ኛ፤ ፈቃደኞቹ በበጋ ወራት በተራ ይጠብቁ። ከሹሙ የሚፈለገው ውኃ፣ ጥላ፣ ስልክና ወደ ላይ የሚያወጣ መንገድ ነው።

3ኛ፤ እንደ ቁንዱዶ ባለ በሌላ ከፍታ ሁለተኛ ጠባቂ ቢቆም የእሳቱን ስፍራ ለይቶ ለማወቅ ይረዳል።

4ኛ፤ ጭስ አስቀድሞ ያሳወቀ ሰው በሕዝብ ፊት ይመስገን። የምድጃ ጭስ አይቶ በስሕተት የጮኸም አይገሠጽ፤ ዛሬ የተገሠጸ ጠባቂ ነገ እውነተኛውን እሳት አይቶ ዝም ይላልና።

5ኛ፤ ማንም ባለመሬት ገለባ ወይም ቍጥቋጦ ከማቃጠሉ አስቀድሞ ቀኑንና ስፍራውን ለጠባቂው ያስታውቅ። ይህን ሕግ ሹሙና ትልቁ ባለመሬት በገዛ መሬታቸው ቢጀምሩት ትንሹ ገበሬ ሳይታዘዝ ይከተላቸዋል።