ሞተሩ እምቢ ሲል ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩ

ቴፒ፣ በበቃና ሸኮ ዝቅ ያሉ አካባቢዎች ስለሆኑ ቡናቸው ከደጋው ቀድሞ ይቀላል። ስለዚህ መፈልፈያ የሚያዞረውን ወይም ውሃ የሚስበውን ትንሽ የቤንዚን ሞተር ያስታወሳችሁት እሸቱ ተለቅሞ ደጅ ላይ ከቆመ በኋላ ከሆነ ዘግይታችኋል። ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ፋታ በሰጠበት ቀን አውጥታችሁ አስነሱት። ያን ጊዜ እምቢ ቢል ለመፈተሽም ሆነ መለዋወጫ ለመፈለግ ቀን አላችሁ።

ገመዱን እስኪደክማችሁ ከመሳባችሁ በፊት ለመናገር የሚያሳፍሩትን ነገሮች እዩ። ማብሪያው በርቷል? የቤንዚን መክፈቻው ተከፍቷል? ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ቾኩ ተዘግቷል? ቀጥሎ ዘይቱን ለኩ። ከ5 እስከ 7 የፈረስ ጉልበት ያላቸው አብዛኞቹ ሞተሮች 0.6 ሊትር ገደማ የሞተር ዘይት ይይዛሉ። ብዙዎቹ ዘይት ሲያንስ እሳቱን የሚቆርጥ መጠበቂያ አላቸው፤ በእኛ መሬት ሰው የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ዘይቱ ሙሉ ቢሆንም ሞተሩ ወንዝ ዳር ወይም ቡና ዳገት ላይ አዘንብሎ ከተቀመጠ መጠበቂያው ዘይት ያለቀ መስሎት እሳት ይከለክላል። ለጥ ያለ ቦታ አደላድላችሁ ሞክሩት። መካኒክ ቤት ተጭኖ ሄዶ ገና በመጀመሪያው ስብ የሚነሳ ሞተር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ የመካኒኩ ወለል ሜዳ ነዋ!

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ገመዱን አምስት ስድስት ጊዜ ስባችሁ ወዲያው ካንዴላውን ፍቱ። ጫፉ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም። ከራሰና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ቤንዚን ደርሷል፤ የጠፋው እሳት ነው፣ አለዚያም ቤንዚኑ በዝቶበታል። ካርቡሬተሩን ለመበተን የሚቸኩል ሰው መጀመሪያ ይህን ይይ።

ደረቅ ሆኖ ከተገኘ፣ ዋናው ተጠርጣሪ ካምና የተረፈው ቤንዚን ነው። ለወራት የቆመ ቤንዚን እየተነነ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይተውና የካርቡሬተሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ውሃ ነው። በዚህ ዝናባማ አገር ጎዶሎ ጀሪካን ውስጥ ጤዛ ይቋጥራል፤ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውም ቤንዚን ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ቢሆንም ጠርሙሱ ራሱ ይመሰክራል። ቤንዚኑን ጥላ ቦታ ጥቂት አቆዩት፤ ውሃ ከባድ ስለሆነ ታች ወርዶ ለብቻው ክብ ክብ እያለ ይንከባለላል። የካርቡሬተሩን የታችኛውን ብሎን ፍቱና የሚወጣውን በንጹሕ ጣሳ ተቀብላችሁ እንዲሁ እዩት። ምንም ካልወጣ ከታንከሩ የሚመጣው መስመር ወይም ፊልትሮው ተደፍኗል። ጥርት ያለ ቤንዚን ወጥቶ ካንዴላው አሁንም ደረቅ ከሆነ ቀጭኗ የነሐስ ቀዳዳ ናት የተደፈነችው፤ ከመብራት ገመድ በተመዘዘ አንድ ክር መዳብ አጽዷት። መርፌ አታስገቡ፤ ቀዳዳው ከሰፋ ሞተሩ ዳግመኛ በልኩ አይሠራም። ተነስቶ ጥቂት ቆይቶ የሚጠፋ ሞተር ካጋጠማችሁ ደግሞ የታንከሩን ክዳን ላላ አድርጉት፤ መተንፈሻው ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ወቅቱ ሲያልቅ መክፈቻውን ዘግታችሁ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አሠሩት፣ በታንከሩ የቀረውንም ቅዱ፤ ከርሞ ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም።

ካንዴላው ከራሰ በጨርቅ አድርቁት፤ ጥላሸቱን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፤ በጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን። እሳት ለመፈተን መጀመሪያ መክፈቻውን ዝጉ፣ የፈሰሰውን ቤንዚን ጥረጉ፣ አጠገባችሁ ሲጋራም ምድጃም አይኑር። ከዚያ ካንዴላውን በእሳት ሽቦው ላይ ሰክታችሁ፣ የጎማ ቆቡን በደረቅ ጨርቅ ይዛችሁ፣ ብረቱን ከካንዴላው ቀዳዳ ራቅ አድርጋችሁ የሞተሩ ብረት ላይ አስነኩና ሌላ ሰው ገመዱን ይሳብ። ጠጠር ያለ ሰማያዊ ብልጭታ ካያችሁ እሳት አለ፤ ቾኩን ከፍታችሁ እንደገና አስነሱ። ከሌለ በአዲስ ካንዴላ ሞክሩ፣ ከሁሉ ርካሹ እሱ ነውና። አሁንም ከሌለ ነገሩ የቦቢና ወይም የሽቦ ነው፤ ለመካኒክ ተዉት። ገመዱ ያለ ምንም ተቃውሞ የሚሳብ ከሆነም ቫልቭ ወይም ፋሻ ስለሆነ እንደዚሁ። ገመዱ ጭራሽ አልሳብ ካለ ግን አታስገድዱት፤ ሽፋኑ ሥር አይጥ ጎጆ ሠርታ ይሆናል።

ሞተሩ እስኪጠገን እሸቱ አይጠብቅም። በተለቀመበት ቀን መፈልፈል ካልተቻለ በጆንያ አታሳድሩት፤ ይግልና ይበላሻል። ማድረቂያ አልጋ ላይ ከ4 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት በትናችሁ፣ ቀን እያገላበጣችሁ፣ ለዝናብና ለሌሊት ሸራ እያለበሳችሁ በጀንፈልነት አድርቁት። በማግስቱ ሞተሩ ቢነሳም ያደረውን እሸት ከአዲሱ ጋር አትቀላቅሉ።