የዶሮዎቻችሁ ጀርባ ሲመለጥ መጀመሪያ አውራዎቹን ቁጠሩ



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ዶሮ ላባ ነው። “ይኼ ደግሞ ምን ትምህርት ይሆናል?” ትሉ ይሆናል። ነገር ግን የዶሮ ጉዳይ የጨው፣ የላምባና የልጆች ደብተር ጉዳይ ነው። እንቁላል ሸጦ እነዚህን የሚገዛ ቤት ብዙ ነው።

ለማስተማር መጥቼ ባረፍኩበት ቤት እናታችን 6 ሴት ዶሮዎችና 3 አውራዎች አሏቸው። ከጊዜ በኋላ የሴቶቹ ጀርባ ተመለጠና ቀይ ቆዳቸው ታየ። ከሁሉ የባሰባት እንቁላል በመጣል የምትበልጠው ገብስማዋ ነበረች። እናታችን “ዓይን በላብኝ” አሉ። እኔም የተማርኩ ነኝ ብዬ፣ ሳልመረምር “ቅማል ነው” አልኩ። አመድ ነሰነስንባቸው። ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ምንም ለውጥ የለም። እናታችን “ገብስማዋን ሳትሞትብኝ ለገበያ ላውጣት” ብለው ተነሡ። “ልጄ፣ አንተ ፊደል ታውቃለህ፤ ዶሮ ግን አታውቅም” አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

አንድ ገበያ እንዲታገሱኝ ለመንኳቸውና በማግስቱ ጠዋት ደጅ ተቀምጬ ዶሮዎቹን ማየት ጀመርኩ። አውራዎቹ አንድም ላባ አልጎደላቸውም። ቅማል ቢሆን እነሱንስ ለምን ይምራቸዋል? ጥቂት ቆይቶ አንዱ አውራ ገብስማዋን ሰረራት። እሱ ሲወርድ ሁለተኛው ተከተለ፤ ከዚያ ሦስተኛው። ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ።

አውራ ዶሮ ሲሰርር የሴቷን ማጅራት በመንቆሩ ይይዛል፤ እግሮቹን ጀርባዋ ላይ ያቆማል። እንዳይወድቅም በጥፍሩ ይቧጥጣል። ይኼ ሲደጋገም ላባዋ ይሰበራል፣ ይነቀላል። አውራው የሚመርጣትና ሲመጣባት ዝም ብላ የምትቀመጥ ዶሮ ደግሞ ይበልጥ ትጎዳለች።

ስለዚህ ላባ ሲረግፍ ምክንያቱን ከቦታው ለዩ፤

1. የተመለጠው ማጅራትና ጀርባ ብቻ ከሆነ፣ አውራዎቹም ደህና ከሆኑ፣ ምክንያቱ የአውራ መብዛት ነው።

2. ከራስና ከአንገት ጀምሮ ወደ ታች ተራ በተራ ከረገፈ፣ ከሥሩም አዲስ ላባ ብቅ ካለ፣ ዶሮዋ ላባ እየቀየረች ነው። ይኼ በሽታ አይደለም። በዚያን ጊዜ እንቁላል ብታቆም አትደንግጡ።

3. በእንቁላል መውጫዋ ዙሪያ ላባውን ገልጣችሁ ስታዩ የሚርመሰመስ ነገር ካለ ቅማል ነው። ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ማታ ደም የሚመጥ ደቃቅ ነፍሳትም አለና ቆጡን በምሽት በኩራዝ እዩ።

4. የታቀፈች ዶሮ ደረቷ ብቻ ቢመለጥ ተዉአት። የገላዋ ሙቀት ለእንቁላሎቹ እንዲደርስ ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው እንምጣ። ብዙ ሰው “አውራ ከሌለ እንቁላል የለም” ይላል። አይደለም! ሴት ዶሮ ያለ አውራም ትጥላለች። አውራ የሚያስፈልገው እንቁላሉ ጫጩት እንዲሆን ነው። ለዚያም ቢሆን ለ10 ሴት ዶሮዎች አንድ አውራ ይበቃል። በእናታችን ቤት ግን 6 ለ3 ሲካፈል፣ ለአንድ አውራ የሚደርሰው 2 ሴት ብቻ ነው።

“እንግዲያው ሁለቱን ይሽጧቸው” አልኳቸው። ሳቁብኝ። “ለበዓል ዋጋቸው ሲወጣ እንጂ፣ አሁን በርካሽ?” አሉ። ይኼም እውነት ነው። ተመካከርንና አንዱን አውራ ለብቻው አጥረን አስቀመጥነው። ሌላውን አውራ ለሌላት ጎረቤት እስከ በዓል አዋሷት። ከሴቶቹ ጋር የቀረውን ደግሞ ከእግሩ በስተኋላ የበቀለውን ሹል ነገር ጫፉን ብቻ በሞረድ አዶለዶምንለት። ውስጡ ደም አለበትና ጠልቃችሁ አትሞርዱ።

የቆሰለች ዶሮ ካለች ቁስሏን ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ እጠቡና ለብቻዋ አድርጓት፤ ሌሎቹ ደም ካዩ ይነክሯታል። ላባ የሚሠራው ሥጋ ከሚሠራበት ዓይነት ምግብ ነው። ስለዚህ ምስጥ፣ ትል፣ የኑግ ፋጉሎ ጨምሩላት። አንድ ነገር አደራ! ለሰብል የሚረጭ መድኃኒት ዶሮ ላይ አታድርጉ። መርዙ ዶሮዋንም፣ እንቁላሉን የሚበላውንም ሰው ይጎዳል።

ሦስት ሳምንት ሲሆን በገብስማዋ ጀርባ ላይ እሾህ የመሰለ አዲስ ላባ ብቅ ብቅ አለ። የበቀለው ከሥሩ የተነቀለው ነው። ግማሹ ተሰብሮ ጉቶው የቀረው ግን እስከሚቀጥለው ላባ መቀየሪያ ይቆያል። እናንተም አትቸኩሉ። ገብስማዋ ለገበያ አልወጣችም፤ ዛሬም ለእናታችን ትጥላለች።

መልመጃ፦ በአንድ ቤት 12 ሴት ዶሮዎችና 4 አውራዎች አሉ። ለአንድ አውራ ስንት ሴት ይደርሰዋል? ስንት አውራስ ይበቃቸው ነበር? መልሱን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ከዚያ የራሳችሁን ዶሮዎች ቁጠሩ። ማንበብ ላልጀመረ ጎረቤታችሁም ይኼን አንብቡለት።