ግብፅን በእጅ መማር
(ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንና ለወላጆች)

በኦሃዮ ትምህርት ቤቶች የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ከጥንት ሥልጣኔዎች መካከል የግብፅን ታሪክ ይማራሉ። በዚህ በኮሎምበስ ከተማ የሚያድጉ ልጆቻችንም ከካርቶን የሠሩትን ፒራሚድ ታቅፈው ወደ ቤት ይመጣሉ። እኛ ወላጆች ግን ግብፅን የምናውቃት ይልቁንም ከኦሪት ዘፀአት በመሆኑ፣ ፈርዖንን ከነሠራዊቱ በኤርትራ ባሕር አስጥመን ወሬውን እንዘጋለን። ከልጆቹ አንዱ «ታዲያ በዚያን ጊዜ እኛ የት ነበርን?» ብሎ በጠየቀን ጊዜ፣ በቃል የሰጠነው መልስ አላረካውም። ስለዚህ በእጅ የሚዳሰስ መልስ ፈልገን፣ ከዚህ በታች ያሉትን አራት ትምህርቶች አዘጋጀን።

አንደኛ፤ የዓባይ ደለል። ሰፊ የመጋገሪያ ትሪ ወስዶ አንዱን ጫፍ በመጽሐፍ ከፍ ማድረግ፤ በከፍታው ላይ አፈር መከመር፤ በዝቅታው ላይ ነጭ ጨርቅ ማንጠፍ። ከዚያም ልጆቹ በየተራ በአፈሩ ላይ ውኃ በቀስታ ያፍስሱ። ጨርቁ ሲጠቁር፣ ክምሩም ሲጎድል ያያሉ። ግብፅ ይደርስ ከነበረው የዓባይ ውኃ 85 በመቶ ያህሉ፣ ከደለሉም የሚበዛው፣ ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ መሆኑን ያን ጊዜ መንገር ነው። በ1913 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የሳዮቶ ወንዝ ሞልቶ የዚህችን ከተማ ምዕራባዊ ክፍል ሲያጥለቀልቅ ጥፋት ሆነ፤ በግብፅ ግን በ1970 የአስዋን ታላቅ ግድብ እስኪፈጸም ድረስ የዓመቱ ሙላት እንጀራ ነበረ። የግብፅ በረከት የእኛ ገበሬ ኪሳራ እንደ ነበረም ልጆቹ ከጎደለው ክምር ራሳቸው ይረዱታል።

ሁለተኛ፤ የሽምብራ አቆጣጠር። ለልጆቹ 365 ፍሬ ሽምብራ ሰጥቶ፣ ሠላሳ ሠላሳ አድርገው እንዲከምሩ ማዘዝ። ዐሥራ ሁለት ክምር ይሆንና አምስት ፍሬ ይተርፋል። «ትርፉን ምን እናድርገው?» ብሎ መጠየቅ የመምህሩ ፋንታ ነው። የጥንት ግብፃውያን በዓመቱ መጨረሻ ለብቻው አኖሩት፤ እኛም ጳጉሜን እንለዋለን። በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን እንዲጨመር ሣልሳዊ በጥሊሞስ በ238 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ቢያውጅም አልጸናም፤ የጸናው በሮማው ቄሣር በአውግስጦስ ዘመን ነው። ይህን አቆጣጠር ቅብጦችና እኛ እስከ ዛሬ ይዘነዋል።

ሦስተኛ፤ የደንገል ወረቀት። ቡናማ የገበያ ከረጢት በቀጫጭኑ ቀድዶ በቀጭን የዱቄት ሙጫ መንከር፤ አንዱን ረድፍ በቁም፣ ሁለተኛውን በአግድም ደርቦ፣ ላዩን በላስቲክ ሸፍኖ ከባድ ነገር መጫን፤ በማግሥቱ ገልጦ ማድረቅ። ግብፃውያን ደንገልን እንዲሁ እየደራረቡ ወረቀት ሠሩበት፤ የጣና ሰዎች ደግሞ በዚያው ተክል ታንኳ ይሠራሉ። ብራና የሚገኝ እንደ ሆነ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማስዳሰስ መልካም ነው።

አራተኛ፤ የተሰወረ ፊደል። በ1799 የተገኘው የሮዜታ ድንጋይ አንድ አዋጅ በሦስት ጽሕፈት የያዘ ነው። ፈረንሳዊው ሻምፖሊዮን እንደ በጥሊሞስና ክሊዮፓትራ ያሉትን የነገሥታት ስሞች እያነጻጸረ በ1822 ምስጢሩን ፈታ፤ ትልቅ ረዳት የሆነውም የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ የሆነው ቅብጥኛ ነው። ፊደል ለማያውቁ ልጆች ማርቆስ፣ ዮሴፍ፣ ዮሐንስ፣ ናሆም የሚሉትን ስሞች በእኛም በላቲንም ፊደል ጽፎ መስጠት፤ ቀጥሎ «ዮናስ»ን በእኛ ፊደል ብቻ ማቅረብ። «ዮ»ን ከዮሐንስ፣ «ና»ን ከናሆም፣ «ስ»ን ከማርቆስ ለቅመው ያነቡታል። የግብፅን ሥዕላዊ ጽሕፈት በትምህርት ቤት ያየ ልጅ የአያቱን ፊደል እንግዳ አድርጎ እንዳይቀር የምንደክመው ስለዚህ ነው።

መምህራንን የምናሳስበው አንድ ነገር አለ፤ ልጆቹን በከንቱ ውዳሴ አንሙላቸው። ንግሥት ሐትሼፕሱት መርከቦች የላከችባት የዕጣን አገር ፑንት በእኛ አካባቢ እንደ ነበረች ብዙ ሊቃውንት ቢያምኑም፣ ትክክለኛ ስፍራዋ ዛሬም ያከራክራል፤ ልጆቹም ይህንኑ እንዳለ ይስሙ። «የት ነበርን?» ላለው ልጅ ትሪው ይበቃዋል፤ ከፍ ያለውን ጫፍ በጣቱ ያሳያል።