ምዕራፍ 9፦ ስልቱን የሳተ ልብ

የታጠበ ጋቢ ሲጨመቅ አይተው ያውቃሉ። ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው እኩል ሲያጠማዝዙት ውኃው ይንዠቀዠቃል። አንዱ ሲያጠብቅ ሌላው ካላላ ግን ጉልበታቸው ያልቃል እንጂ ጋቢው አይጨመቅም። አንዳንዱ የልብ ድካም እንዲህ ነው፤ የጉልበት ማነስ ብቻ ሳይሆን ያለመግጠም ችግር አለበት።

በጤነኛ ልብ የኤሌክትሪክ መልእክቱ በቀኝና በግራ መስመር ወርዶ የታችኞቹን ክፍሎች ከ120 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያዳርሳል። የግራው መስመር ሲዘጋ መልእክቱ ከቀኝ በኩል በጡንቻው ውስጥ እየዳኸ ይሻገራል። ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ ቀድሞ ይኮማተራል፤ የግራው የውጭ ግድግዳ ተራው ደርሶት ሲነሳ ያኛው መላላት ጀምሯል። ደሙ ወደ ሰውነት በመገፋት ፈንታ እዚያው ወዲህና ወዲያ ይዋልላል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ፈረንሳዊው ሐኪም ሰርዥ ካዞና ባልደረቦቹ የአንድ የ54 ዓመት ታማሚ ታሪክ አሳተሙ። ሰውየው የልብ ድካሙ የመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰ፣ የኤሌክትሪክ መልእክቱም 200 ሚሊ ሰከንድ የሚፈጅ ነበር። አራቱንም የልብ ክፍሎች የሚያነቃ መሣሪያ ተገጠመለት። በ6 ሳምንት ውስጥ 17 ኪሎ ቀነሰ፤ እብጠቱም ጠፋ። አብዛኛው የቀነሰው ስብ እንዳይመስልዎ፣ ሰውነቱ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ነው።

ዛሬ ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ባለ ሦስት ሽቦ ፔስሜከር ነው። ባትሪው ከአንገትጌ አጥንት በታች፣ ከደረት ቆዳ ሥር ይቀበራል። ሁለቱ ሽቦዎች ወደ ቀኝ የልብ ክፍሎች ይገባሉ። ሐኪሙን የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው፤ በልብ ጀርባ ባለው የደም ሥር ተሹለክልኮ የዘገየው የግራ ግድግዳ ዘንድ መድረስ አለበት። የደም ሥሩ ጠባብ ወይም ጠማማ ከሆነ ሽቦው የሚፈለገው ቦታ ላይደርስ ይችላል። ከደረሰ ግን መሣሪያው ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ ይቀሰቅሳል፤ ጨማቂዎቹ ይገጥማሉ።

ጥቅሙ ታማሚው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ በመርዘሙ ብቻ የሚለካ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ኬር ኤችኤፍ በተባለው የአውሮፓ ጥናት 813 ታማሚዎች በአማካይ 29 ወር ያህል ክትትል ተደርጎላቸዋል። በመድኃኒት ብቻ ከቆዩት ከመቶ 30 ሲሞቱ፣ መሣሪያው ከተጨመረላቸው የሞቱት ከመቶ 20 ነበሩ። ተለጥጦ የነበረው የግራ ልብም በብዙዎቹ መልሶ ጠበበ። ለአንድ መሣሪያ ጭማሪ ይህ ትልቅ ውጤት ነው፤ በእኔ ግምት ከልብ ሕክምና ድንቆች አንዱ ነው።

ሆኖም ለሁሉም አይሆንም። ከተገጠመላቸው ሲሦ ያህሉ ግልጽ ለውጥ አያዩም፤ በተለይ የልብ ጡንቻቸው በሰፊው ጠባሳ የያዘባቸው። መልእክቱ በፍጥነት ለሚደርስ ልብ ደግሞ ጉዳት አለው፦ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ130 ሚሊ ሰከንድ በታች በሆኑ ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ጥቅም እንደማይገኝበት ስለታየ የታሰበበት ሳይደርስ ተቋርጧል፤ መሣሪያው ከሚሠራላቸውም የሞቱት በዝተው ነበር። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳው የሩማቲክ የቫልቭ በሽታም መነሻው ሌላ ስለሆነ መፍትሔው ሽቦ ሳይሆን የቫልቩ ሕክምና ነው።

ስለዚህ የልብ ድካም ካለብዎ ወይም ካለባቸው እናትዎ ጋር ክሊኒክ ከሄዱ፣ ስለ መሣሪያው ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት የኢሲጂውን (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራውን) ወረቀት አውጥተው ሐኪሙን ይጠይቁ፦ «የግራው መስመር ተዘግቷል? ስንት ሚሊ ሰከንድ ነው?» ከ150 በላይ ከሆነና የልቡ የመግፋት አቅም ከመቶ 35 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ፣ ስለ ፔስሜከሩ በቁም ነገር መነጋገር ይገባል። ከተገጠመልዎም በኋላ ክኒኑን አያቋርጡ።