ጉልበትና ፍጥነት በአጭር ጊዜ፦ ቦክስ፣ ቴኳንዶ ወይስ ጁዶ?



ሰሞኑን በኢንቦክስ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ ወንድ ነኝ፣ ዕድሜዬ 24 ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው የምውለው። በ3 ወር ውስጥ ጉልበትም ፍጥነትም እንዲኖረኝ የትኛውን ማርሻል አርት ብጀምር ይሻላል?»

በ3 ወር ለውጥ ይመጣል ወይ? አዎ፣ በደንብ ይመጣል። ግን ለውጡ የሚመጣው ብዙዎቻችን ከምናስበው ቦታ ስላልሆነ ወደ ምርጫው ከመሄዳችን በፊት እሱን እንይ።

ስፖርት በጀመርንባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ጉልበታችን የሚጨምረው በዋናነት ጡንቻችን ስለወፈረ ሳይሆን ነርቫችን ስለተማረ ነው። ጡንቻ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነው፤ ክሮቹም በቡድን በቡድን ሆነው ከነርቭ ትእዛዝ ይቀበላሉ። ያልሠለጠነ ሰው «ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁ» ሲል እንኳ ሁሉንም ቡድን አልጠራም። እንዲያውም ክንዱን የሚዘረጋው ጡንቻ ሲሠራ የሚያጥፈውም አብሮ ስለሚጨብጥ፣ ፍሬን ይዞ ነዳጅ እንደሚሰጥ ሾፌር ይሆናል። ልምምድ ሲደጋገም አንጎል ብዙ ቡድኖችን ባንዴ መጥራት፣ ትእዛዙን ቶሎ ቶሎ መላክና ፍሬኑን መልቀቅ ይማራል። በመስታወት የሚታየው የጡንቻ መወፈር አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አካባቢ ነው መታየት የሚጀምረው። ጅማት ደግሞ ከጡንቻም ይዘገያል። ለዚህ ነው ብዙ ጀማሪ ልክ 2 ወር ሲሞላው፣ «አሁን ገና በረታሁ» ባለበት ሰዓት፣ በተረከዝ ጅማት ወይም በጉልበት ሕመም ክሊኒክ የሚመጣው።

ፍጥነትን ለመማር ነርቭ ትኩስ መሆን አለበት። ጡንቻ በሙሉ ኃይሉ ሲፈነዳ የሚጠቀምበት ነዳጅ 10 ሰከንድ አካባቢ ነው የሚያቆየው፤ መልሶ በደንብ እስኪሞላ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ የፍጥነት ልምምድ ማለት ከማሟሟቂያ በኋላ ወዲያው፣ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ባለ በሌለ ኃይል መምታት ወይም መርገጥ፣ ከዚያ ማረፍ፣ እንደገና መሥራት ነው። በየሰፈሩ የማየው ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ልጆቹ አንድ ሰዓት ፑሽ አፕና ቁጭ ብድግ ሠርተው እግራቸው እየተንቀጠቀጠ ነው ርግጫ የሚጀምሩት። ይሄ ትንፋሽና ወኔ ሊጨምር ይችላል፣ አልክድም። ፍጥነት ግን አይደለም፤ አንጎል እየተማረ ያለው በቀስታ መርገጥን ነው።

እሺ፣ ወደ ምርጫው።

ቦክስ የእጅ ፍጥነትን፣ የእግር አጣጣልንና ትንፋሽን ባንድ ላይ ይሰጣል። ቡጢ ከእጅ የሚጀምር ይመስለናል እንጂ ከእግር ተነስቶ፣ በዳሌ ዞሮ ነው እጅ ላይ የሚደርሰው። ገመድ ዝላዩም ለእግር ትልቅ ሥራ ነው።

ቴኳንዶ የእግርና የዳሌ ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈር ስለሚገኝ ለብዙዎቻችሁ ቅርቡ እሱ ይሆናል። ሁለት ዓይነት እንዳለው ግን እወቁ። ከ2000 የሲድኒ ጨዋታ ጀምሮ ሙሉ የኦሎምፒክ ስፖርት በሆነው ፊት ላይ ቡጢ ክልክል ነው፣ ጭንቅላት ላይ ርግጫ ግን ነጥብ ያስገኛል። በአይቲኤፍ ደግሞ እጅም ወደ ጭንቅላት ይፈቀዳል። ስትመዘገቡ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ለጉልበት ብቻ ከሆነ ጁዶ ከሁለቱም ይቀድማል። ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ በ1882 የጀመረው ይህ ስፖርት የሚያሸክማችሁ ብረት ሳይሆን «አልወድቅም» የሚል ሰው ነው። መጨበጥ፣ መጎተት፣ ማንሳት አለ፤ ጀርባና እግር ይሠራል። መጀመሪያ የሚያስተምራችሁ ደግሞ አወዳደቅን ነው፣ ይሄ በረንዳ ላይ ስትንሸራተቱ ሁሉ ይጠቅማችኋል። ችግሩ እኛ ጋ እንደ ቴኳንዶ በየሰፈሩ አይገኝም።

የኔ ምርጫ? ለዚህ ወንድማችን ለመጀመሪያው 3 ወር ቦክስ፣ ጭንቅላት መመታት የሌለበት ቦክስ፣ በሳምንት 2 ቀን። በሌላ 2 ቀን ደግሞ ክብደት ማንሳትና መጎተት፣ 40 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ማርሻል አርት ብቻውን ከባድ ጭነት ስለማይሰጥ ከፍተኛ ጉልበት በእሱ ብቻ አይመጣም፤ ጁዶም ቢሆን ብረት ሲታከልበት ይሻላል።

አሁን በጣም ወደምሰጋበት ነገር ልምጣ። አንድ ጊዜ ስፖርት በጀመረ በ3ኛው ቀን ድንገተኛ ክፍል የመጣ ወጣት አይቻለሁ። አሰልጣኙ «እንኳን ደህና መጣህ» ብሎ 500 ቁጭ ብድግ አሠርቶታል። ጭኑ አብጦ ደረጃ መውረድ አቅቶታል፤ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ገዝቶ ሲውጥ ሰንብቷል። ያስደነገጠው ግን ሽንቱ ነው፦ ኮካ ኮላ ይመስላል። ይህ ራብዶማዮላይሲስ ይባላል። የተጎዳው ጡንቻ ይፈርስና ይዘቱ ወደ ደም ይገባል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች በዚህ ሰዓት ለኩላሊቱ ተጨማሪ ዱላ ናቸው። ልጁ ተኝቶ ብዙ ጉሉኮስ ወሰደ፣ ኩላሊቱም ተረፈለት። ዘግይቶ ቢመጣ ዲያሊሲስ ሊያስፈልገው ይችል ነበር።

ስለዚህ ልዩነቱን ያዙ። በማግስቱ ጀምሮ በ3 ወይም በ4 ቀን እየቀለለ የሚሄድ ሕመም የተለመደ ነው። እብጠት፣ ክንድ ወይም እግር ማጠፍ አለመቻል፣ የጠቆረ ሽንት ግን የተለመደ አይደለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። በጂም ቋንቋ «ሰውነቴ ተያዘ» ብላችሁ አትለፉት።

ሁለተኛው ስጋቴ ጭንቅላት ነው። የራስ መከላከያ ቆዳ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል እንጂ አንጎል ራስ ቅል ውስጥ መናወጡን አያስቀርም። «ራሴን አልሳትኩም» ማለትም ደህና ነኝ ማለት አይደለም፤ አብዛኛው የአንጎል መናወጥ ያለ ራስ መሳት ነው የሚደርሰው። ከተመታችሁ በኋላ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ብዥታ ወይም መርሳት ከመጣ የዚያን ቀን ስፓሪንግ አበቃ። ለ1 ወይም 2 ቀን ረፍት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መመለስ፣ ወደ ስፓሪንግ ደግሞ ሐኪም ካያችሁ በኋላ። ተደጋጋሚ ትውከት፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥ፣ ከእንቅልፍ ለመንቃት መቸገር ካለ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ።

ስለ ምግብ ባጭሩ። በጉልበት ለሚሠለጥን ሰው ፕሮቲን በቀን በኪሎ ከ1.4 እስከ 2 ግራም ይመከራል፤ 60 ኪሎ ከሆናችሁ ከ84 ግራም ይጀምራል ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 አካባቢ። በጾም ወቅት ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ለውዝ መጠናቸውን ጨምሩ፤ እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ከባዱን ልምምድ ከምግብ በኋላ ወደ ማታ አድርጉት። ከማሠልጠኛው ጥግ በሹክሹክታ የሚሸጠውን መርፌ ግን ተዉት። የወንድ ሆርሞን ከውጭ ሲገባ የዘር ፍሬ የራሱን ማምረት ያቆማል፤ ልጅ መውለድ ሲያቅታቸው የሚመጡ አሉ።

ከመመዝገባችሁ በፊት ሐኪም ማየት ያለባችሁ፦ ስፖርት ስትሠሩ ራሳችሁን ስታችሁ የምታውቁ ወይም ደረታችሁን የሚያማችሁ፣ ቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ያለባችሁ፣ በልጅነታችሁ ከቶንሲል በኋላ መገጣጠሚያችሁን ያመማችሁ። የመጨረሻዋ እኛ አገር ብዙ የምናየው የልብ ቫልቭ ችግር ምልክት ልትሆን ትችላለች።

ከዚያ ሰፈራችሁ ያለው ማሠልጠኛ ሄዳችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ጀማሪውን ከነባሩ ለይቶ የሚያሠራ፣ በልምምዱ መሃል የሚያሳርፍ፣ የተመታን ልጅ ከሜዳ የሚያወጣ አሰልጣኝ ካገኛችሁ ቦክስም ይሁን ቴኳንዶ እዚያው ተመዝገቡ። በመጀመሪያው ወር «በቃ፣ ዛሬ እዚህ ላይ እናቁም» ሲላችሁም ስሙት።